ለጫት ጥናት የቱ ይሻላል፦ ኤፍኤምአርአይ ወይስ ኢኢጂ?

ጥያቄ፦ «በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የሳይኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ጫት በትኩረት ላይ በሚያመጣው ለውጥ ላይ መሥራት አስቤያለሁ። መጠይቅ ማስሞላት ሰልችቶኛል፤ አንጎል ውስጥ የሚሆነውን ማየት ነው የምፈልገው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ኤፍኤምአርአይ ካልሆነ ማንም አያምንሽም› ይለኛል። ሌላው ‹ኢኢጂ ይበቃሻል፣ ዋጋውም ይቀላል› ይላል። እውነት የቱ ይሻላል? ደሴ ላይ ሆኜስ ምን መሥራት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ርዕስሽ ደስ ይላል። ደሴ ውስጥ ራሱ ባይቅም እንኳ የሚቅም ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። እዚያው ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ላንቺ ጥያቄ ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከጭንቅላት ላይ የሚለካው፣ ይሻላል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ግን አይደለም። የደም ዝውውርን የሚከተለው ኤፍኤምአርአይ በነፃ ቢሰጥሽ እንኳ ለዚህ ጥናት ኢኢጂን ያዢ እልሻለሁ። ምክንያቱ ጫቱ ራሱ ነው። እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «አንጎልን የሚያሳይ ማሽን» ሲባል ሁሉም አንድ ነገር የሚያሳይ ይመስላል። አይደለም። አንዱ ቅርጽ ያነሳል። አንዱ የደም ዝውውር ይከተላል። አንዱ ኬሚካል ይከታተላል። አንዱ ኤሌክትሪክ ይለካል። ስለዚህ ጓደኞችሽ የተከራከሩት መጨረሻ በሌለው ነገር ነው። ምኑን ማየት እንደፈለግሽ ሳይታወቅ የቱ እንደሚሻል መናገር አይቻልም።

ቅርጹን ቶሎ ልለፈው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሲቲ ስካን በኤክስሬይ ይሠራል። በሰው ላይ የመጀመሪያው የአንጎል ሲቲ የተነሳው በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ባጃጅ ገጭቶት ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው፣ ደም ፈስሶ እንደሆነ በደቂቃዎች ለማወቅ ግሩም መሣሪያ ነው። ኤምአርአይ ደግሞ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። ጨረር የለውም። የአንጎልን ለስላሳ ክፍል ከሲቲ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ሁለቱም የሚነግሩሽ ግን አንጎሉ ምን እንደሚመስል እንጂ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ አይደለም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው «ሲቲህ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የቃሚና የማይቅም ሰው ኤምአርአይ ጎን ለጎን ቢሰጥሽም፣ በዓይን ብቻ አይተሽ «ይሄኛው የቃሚው ነው» ማለት አትችዪም።

አሁን ወደ ኤፍኤምአርአይ እንግባ። ማሽኑ ያው ኤምአርአይ ነው። ልዩነቱ አንድ ፎቶ በማንሳት ፈንታ በየሁለት ሰከንዱ ገደማ ደጋግሞ ማንሳቱ ነው። መሠረቱን የጣለው ሴይጂ ኦጋዋ የተባለ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ነው፤ በ1990 አይጦች ላይ አሳየው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የሰጠ ደም ማግኔት ውስጥ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ኦክስጅኑን የሰጠው ደም ዙሪያውን ያለውን ማግኔት ይረብሻል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ የጉልበታችንን 20 በመቶ ገደማ ይበላል። የሆነ ክፍሉ ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ የሚሄደው ኦክስጅን የያዘ ደም ከሚፈለገው በላይ ይሆናል። ረብሻው ይቀንሳል፣ ምልክቱ ከፍ ይላል። ያ ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። ጫፉ ላይ የሚደርሰውም ነርቮቹ ከሠሩ ከ5 ወይም 6 ሰከንድ በኋላ ነው።

ልብ በዪ፤ ማሽኑ የሚያየው ነርቭ አይደለም። ደም ነው። ነርቮቹ መሥራታቸውን ከደሙ ተነስተን እንገምታለን። ለብዙ ጥያቄዎች ይህ ግምት ይበቃል።

ለጫት ግን ጣጣ አለው። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ነው፤ ጠባዩ አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ይቀርባል። አንጎል ላይ ብቻ አይሠራም። የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥር ያጠብባል። እንግዲህ አስቢው፤ የምትለኪው የደም ዝውውር ነው፣ የምታጠኚው ነገር ደግሞ የደም ዝውውርን ራሱን ይቀይራል። በቃሚዎቹና ባልቃሙት መካከል ልዩነት ብታገኚ፣ የነርቮቹ ነው ወይስ የደም ሥሮቹ? ለመለየት ተጨማሪ ልኬት ያስፈልግሻል፤ ነገሩ ተወሳሰበ ማለት ነው። ቡናም ያው ነው። ካፌይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ቡና የማይፈላበት በርጫ ካየሽ ደግሞ ንገሪኝ።

ኤፍኤምአርአይ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው ስለ ስታቲስቲክስ ነው። ማሽኑ አንጎልን በአስር ሺዎች ለሚቆጠሩ ጥቃቅን ኪዩቦች ይከፋፍላል። እያንዳንዱ ላይ ለብቻ ፈተና ስትሠሪ፣ በአጋጣሚ ብቻ «በራ» የሚል አታጪም። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ምን እየተሰማው እንደሆነም «ጠየቁት»። ፈተናዎቹ ብዙ በመሆናቸው የሚደረገው የስሌት እርማት ሳይሠራ ሲሰላ ዓሣው አንጎል ውስጥ «ሥራ» ታየ! የሐይቅ ቆሮሶም ቢሆን ያው ነበር። እርማቱ ሲሠራ ግን ሁሉም ጠፋ። መልእክቱ ማሽኑ ይዋሻል አይደለም። ቀይና ቢጫው ቀለም ከስሌት በኋላ በኮምፒውተር የሚቀባ ነው፤ ስሌቱ ከተበላሸ ሥዕሉ ማማሩ አያድነውም። «ማንም አያምንሽም» ላለሽ ጓደኛሽ ይህን ንገሪው።

ደግሞም ለታካሚ የሚያገለግል ኤምአርአይ ስላለ ብቻ የኤፍኤምአርአይ ጥናት አይሠራም። ተሳታፊው ውስጥ ተኝቶ ምስል የሚያይበት፣ ቁልፍ የሚጫንበት፣ ያ ሁሉ ከማሽኑ ጋር በሰዓት የሚናበብበት መሣሪያ ይፈልጋል። ፊዚክሱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በሽተኛ ተሰልፎ እየጠበቀ ለተማሪ ሰዓታት የሚለቅ ክፍል የት ይገኛል?

ሌሎቹን ልጥቀስልሽ፤ ጽሑፍሽን ስትከላከዪ «ለምን ያንን አልተጠቀምሽም?» መባልሽ አይቀርም።

ጥያቄሽ «ጫት ዶፓሚንን (ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን አንዱን ኬሚካል) ምን ያህል ይጨምራል?» ቢሆን ኖሮ ትክክለኛው ማሽን ፔት ነበር። በጣም ትንሽ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና የት እንደሚያርፍ ይታያል። ለዶፓሚን ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ካርቦን 11 የያዘ መድኃኒት ነው። ካርቦን 11 በየ20 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ተሠርቶ ቢጫን፣ መኪናው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪገባ ከግማሽ በላይ አልቋል። ስለዚህ ንጥረ ነገሩን የሚያመርተው ማሽን፣ ሳይክሎትሮን የሚባለው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ መሆን አለበት። ተዪው።

ኤምኢጂ የነርቮችን ማግኔት ይለካል። በፍጥነቱ ከኢኢጂ ጋር እኩል ነው፤ ቦታ በመለየት ይበልጠዋል። ነገር ግን የሚፈልገው ምልክት ከመሬት ማግኔት በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ ያንሳል። ልዩ የተከለለ ክፍል ካልተሠራለት የሚያልፍ መኪና ሁሉ ይረብሸዋል። በኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ በሚቀዳ ብረት) ከአንድ ነርቭ ላይ በቀጥታ መቅዳት ደግሞ ከሁሉም ይጠራል። ሁበልና ዊዝል የድመት አንጎል ስለ እይታ ምን እንደሚሠራ ያወቁት በዚህ መንገድ ነው፤ በ1981 ኖቤል አስገኝቶላቸዋል። ሰው ላይ የሚደረገው ግን በአብዛኛው ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ሲባል ሐኪም ቀድሞ ኤሌክትሮድ ያስገባለት ሰው ፈቃደኛ ሲሆን ነው።

ኤፍኒርስ የሚባል በብርሃን የሚሠራም አለ። ቆብ ይመስላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ዋጋውም ከኤምአርአይ በጣም ያነሰ ስለሆነ ተማሪዎች ይወዱታል። አንቺን አይጠቅምሽም። አንደኛ፣ እሱም የሚለካው ደም ነው፤ የጫቱ ጣጣ አይለቅሽም። ሁለተኛ፣ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ብርሃኑን ይውጠዋል።

ኢኢጂ ጋ ደረስን። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም በ1924 የና ከተማ ውስጥ ከሰው ጭንቅላት ኤሌክትሪክ ቀዳ፤ ያሳተመው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ብዙዎች አላመኑትም ነበር። ዛሬም በሁሉም ላብራቶሪ የሚደገመው የእሱ ግኝት ነው። ሰውየው ዓይኑን ሲጨፍን ከማጅራት በላይ ባለው ክፍል በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ብቅ ይላል። አልፋ ይባላል። ዓይኑን ሲገልጥ ይጠፋል።

ኢኢጂ የሚለካው በሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት አብረው ሲሠሩ የሚያወጡትን ኤሌክትሪክ ነው። የራስ ቅልን አልፎ ሲወጣ የቮልት ሚሊዮንኛ፣ ማለትም በአስር የሚቆጠር ማይክሮቮልት ይሆናል። ድክመቱን አትደብቂ። የራስ ቅል ምልክቱን ስለሚያደበዝዘው ከየት እንደመጣ በትክክል ማወቅ ይከብዳል። ዶፓሚን በብዛት የሚሠራበትን የአንጎል የውስጥ ክፍልም አያይልሽም። ስለዚህ ጽሑፍሽ ውስጥ «ዶፓሚን ጨመረ» የምትል ዓረፍተ ነገር እንዳትገባ። ጥንካሬው ጊዜ ላይ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይከተላል። ትኩረት ደግሞ የሚሊሰከንድ ጉዳይ ነው።

የምመክርሽ ሙከራ ቀላል ነው። ተሳታፊዋ ድምፅ ትሰማለች። ከመቶው ሰማንያው አንድ ዓይነት ነው፤ ሃያው ይለያል። የተለየውን ስትሰማ ቁልፍ ትጫናለች። ድምፁ ከተሰማ 300 ሚሊሰከንድ ገደማ ጀምሮ አናት አካባቢ ወደ ላይ የሚወጣ ሞገድ ይመጣል፤ ፒ300 ይባላል። ከ1965 ጀምሮ ይታወቃል። ትኩረት ሲከፋፈል ቁመቱ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ካየሽው ከሌላው ሞገድ ጋር ተደባልቆ አይለይም። የተለየውን ድምፅ 36 ጊዜ አሰምተሽ አማካዩን ስትወስጂ ግን ረብሻው ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል፣ ፒ300 ይቀራል። ቁልፉን ለመጫን የፈጀባትንም ጊዜ አብረሽ መዝግቢ።

ከዚህ በላይ ግን ጥያቄሽን ጠበብ አድርጊው። «ጫት በትኩረት ላይ» ስትዪ የትኛውን ሰዓት ነው? ምርቃናውን? በማግስቱ ጠዋት ሀራራው የያዘውን ሰው? ወይስ ለዓመታት የቃመ፣ ግን ሰሞኑን ያልቃመ ሰው? ሦስቱ ሦስት ጥናት ናቸው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እወስዳለሁ፤ ለተማሪም ለሠራተኛም ዕለታዊ ጣጣው እሱ ነው። ጫት ገዝተሽ ለተሳታፊ እንዳትሰጪ፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውም አያሳልፍልሽም። በራሳቸው ልማድ የሚቅሙትን ጠዋት ጥሪያቸው፤ ከማይቅሙ እኩዮቻቸው ጋር አወዳድሪ። ስንት ሰዓት ተኙ? ዱካክ ነበረ? ቡና ጠጡ? ሲጋራስ? ማታ ጨብሲ አድርገዋል? ጨብሲውን ካልጠየቅሽ የጫት ያልሽው የመጠጥ ሊሆን ይችላል። መጠኑንም «አንድ እስር» ብለሽ አትመዝግቢ። ካቲኖን ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ይቀንሳል፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ እስር እኩል አይደለም።

ምርቃናውን የመረጥሽ እንደሆነ መንጋጋ ይፈትንሻል። እየቃመ ያለ ሰው ላይ ኢኢጂ መቅዳት አይሞከርም። የመንጋጋ ጡንቻ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ከአንጎሉ በብዙ ይበልጣል። አቁሞም ቢሆን የመረቀነ ሰው ጥርሱን ይነክሳል። ይህ ረብሻ ከጆሮ በላይ ባሉት ኤሌክትሮዶች ላይ ይበረታል፤ መሃል አናት ላይ ይቀንሳል። ደግነቱ ፒ300 የሚጎላው መሃል ላይ፣ ፒዜድ በምንለው ቦታ ነው።

ፒዜድን በልብስ ሰፊ ሜትር ታገኚዋለሽ። ከአፍንጫ ሥር፣ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ካለው ስርጉድ ጀምረሽ፣ በአናት አሳልፈሽ ከማጅራት በላይ እስካለው የአጥንት ጉብታ ለኪ። ርቀቱ 36 ሳንቲሜትር ቢሆን 70 በመቶው 25.2 ነው። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ፀጉሩን ከፍለሽ ቆዳውን በማጽጃው ጄል ቀስ ብለሽ እሺ፤ ከዚያ መለጠፊያውንና ኤሌክትሮዱን አድርጊ። ማሽኑ የሚያሳይሽ የቆዳ እንቅፋት (ኤሌክትሪኩን እንዳያልፍ የሚይዘው) ከ5 ኪሎኦም በታች እስኪወርድ አትጀምሪ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣል፤ ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ የማይረባ መረጃ ይዞ ያለቅሳል።

የኛ አገር ፀጉር ላይ የውጭ መማሪያዎች የማይነግሩሽ ነገር አለ፤ ቅቤ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ኤሌክትሮድ አይዝም፣ እንቅፋቱም አይወርድም። ተሳታፊዎችሽ ከዋዜማው ማታ በሳሙና ታጥበው፣ ምንም ሳይቀቡ እንዲመጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሹሩባ ግን አያስፈራሽ። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለከርዳዳ ፀጉር የሚሆን ኤሌክትሮድ የሠሩ ተመራማሪዎች ፀጉሩን በሹሩባ ከፍለው የሚለካበትን ቦታ ክፍት አደረጉት፤ ውጤቱም ተሻሻለ። እዚህ ሹሩባ ሠሪ አታጪም። ሒጃብ ለሚለብሱ ተሳታፊዎች ደግሞ ዝግ ክፍልና ሴት ቀጂ ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ይህን ሳታዘጋጂ ብትጀምሪ ግማሹን ተሳታፊ ታጪያለሽ፤ እነሱም ትክክል ናቸው።

መብራትም አለ። የኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ያ ሞገድ ኢኢጂ ውስጥ ዘው ይላል። ጎረቤት ብየዳ ቤት ካለ ይብሳል። ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለሽ በባትሪ ቅጂ። ረብሻው ይቀንሳል፣ መብራት ቢጠፋም ሥራሽ አይቋረጥም። ስልክ ከክፍሉ ይውጣ።

ማሽኑን ከየት? የሐኪም ቤት ኢኢጂ ለምርመራ የተሠራ ነው። ከመዋስሽ በፊት ድምፁ የተሰማበትን ቅጽበት መረጃው ላይ ምልክት የሚያደርግበት መግቢያ፣ ትሪገር የሚባለው፣ እንዳለው አረጋግጪ። ከሌለው ለፒ300 አይሆንም። ኦፕንቢሲአይ የመሰሉ በክፍት ንድፍ የተሠሩ አነስተኛ ማሽኖችም አሉ፤ ፒዜድን ጨምሮ ጥቂት ቦታ በደንብ መቅዳት ይበቃሻል። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ የኤሌክትሪካል ተማሪዎችን ጠይቂ፤ ለነሱ ትሪገር መሥራት የሳምንት ሥራ ነው፣ ላንቺ ግን የዓመት። ግንባር ላይ ብቻ የሚታሰር የሜዲቴሽን ቀበቶ እንዳትገዢ፤ መሃል አናት ላይ አይደርስም።

ማሽኑ እስኪገኝ እጅሽን አፍቺ። ፊዚዮኔት በሚባል ድረ ገጽ ላይ የ109 ሰዎች በ64 ኤሌክትሮድ የተቀዳ ኢኢጂ በነፃ ይወርዳል። ኤምኤንኢ-ፓይተን የሚባለው የኢኢጂ መተንተኛ ፕሮግራምም ነፃ ነው። ኢንተርኔቱ ሲሻል ማታ ማታ አውርጂና ዓይን የጨፈኑበትን ክፍል ከገለጡበት አወዳድሪ። አልፋውን በራስሽ ስሌት ካገኘሽው ፕሮግራሙ ገብቶሻል ማለት ነው።

ተሳታፊዎች «ሐሳቤን ታነቢያለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ቃሚ ምስጢር ይፈራል። አታነቢም፤ በግልጽ ንገሪያቸው። በ2023 ቴክሳስ ውስጥ ሰው የሚሰማውን ታሪክ ጭብጥ ከአንጎል ለማውጣት የቻሉት ተመራማሪዎች እንኳ ትልቁን ኤፍኤምአርአይ ተጠቅመው፣ እያንዳንዱን ሰው ወደ 16 ሰዓት ያህል ማሽን ውስጥ ታሪክ አስደምጠው ነው። ሰውየው ሆን ብሎ ሌላ ነገር ሲያስብ አልሠራም። ለአንዱ ሰው የተዘጋጀውም ለሌላው አላገለገለም።

በመጨረሻ ሁለት ነገር። የሰውየው ሞገድ ግራ ካጋባሽ «በሽታ አለብህ» እንዳትዪ፤ ሐኪም እንዲያየው የሚላክበትን መንገድ ለኮሚቴው በምታስገቢው ማመልከቻ ላይ ቀድመሽ ጻፊ። ደግሞም የትኛውን ኤሌክትሮድ፣ ከስንት እስከ ስንት ሚሊሰከንድ እንደምትለኪ አንድ ሰው ሳትቀጂ በፊት ወረቀት ላይ አስፍሪና ለአማካሪሽ አስፈርሚ። እኔ ብሆን ፒዜድ፣ ከ300 እስከ 600 ብዬ እጽፋለሁ።